ሽፋኗን ትታ የጠፋች ሸክላ

ኢንስፔክተሯ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ መጀመሪያ የሰማችው ጭር ባለ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሽከረከር የሸክላ ማጫወቻ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ሳጅኑ ደም የፈሰሰበትን ቦታ እንዳትረግጥ በእጁ አመለከታት።

«ሰውየውን ሆስፒታል ወስደዋቸዋል» አላት። «ራሳቸውን ስተዋል እንጂ ትንፋሻቸው ደህና ነው። ጭንቅላታቸውን ያገኛቸው የመደርደሪያው ጠርዝ ነው።»

«ወድቀው ነው ተገፍተው?»

«የሸሚዛቸው ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው ወለሉ ላይ ተገኝተዋል። ሰው ብቻውን ሲወድቅ ቁልፉን አይበጥስም።»

«አሻራስ?»

«የግማሽ ከተማው አሻራ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በራቸውን ከፍተው ለመጣው ሁሉ ሸክላ ያሰማሉ።»

ክፍሉን ዞራ አየችው። ሦስቱ ግድግዳዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ናቸው። የቤቱ ባለቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው፤ መደርደሪያዎቹንም የሠሯቸው ከተጣሉ ሊፍቶች ግድግዳ ነበር፣ ልካቸው ዝንፍ የማይል። ሰፈሩ «ባለ ሸክላው» ይላቸዋል። በየመደርደሪያው ላይ በእጅ የተጻፈ ካርድ ተለጥፏል። የተጻፈው የዘፋኞቹ ስም ሳይሆን የተለማመዱበት ቦታ ነው፦ «ጎማ ቤት»፣ «የትምህርት ቤት ምድር ቤት»፣ «የአባት መኪና ማቆሚያ»።

የሚሽከረከረው ማጫወቻ ላይ ሸክላ የለም። አጠገቡ ባዶ የካርቶን ሽፋን ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ ሦስት ወጣቶች መሣሪያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አራተኛው ከኋላ ድራሙ ጋ ተቀምጦ ሁለቱን ዱላዎች ወደ ላይ አንስቶ ይስቃል።

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየ። «እኚህን አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ድራም ናቸው። ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

የባለ ሸክላው ልጅ ፋርማሲስት ናት። ኢንስፔክተሯ ያገኘቻት ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው።

«ስልክ ስደውል አላነሳልኝም፤ ሳላንኳኳ ገባሁ» አለች። «ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። የጠፋችው እሷ ብቻ ናት።»

«እሷ ማን?»

«ሸክላዋ። ለአባቴ አንድ ልጅ ነኝ እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር እህት አለችኝ፤ እሷ ናት። አቧራዋ የሚጠረገው ከእኔ ቁርስ ቀድሞ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረችና ተወችው። «በስልሳዎቹ ዓመታት ጊታር ተውሰው ጋራዥ ውስጥ የሚለማመዱ ልጆች ነበሩ። አንዲት ሸክላ ያስቀርጻሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። አባቴ የሚሰበስበው የእነሱን ነው፤ ከየትም አገር ያስመጣል። ‹ጎበዞች ስለሆኑ አይደለም የምወዳቸው፤ ነገ የሚባል ቀን እንደሌለ ሆነው ስለሚጫወቱ ነው› ይላል። ይቺኛዋ ግን የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ከዚህ በእግር አስር ደቂቃ ከማይሞላ ጋራዥ ውስጥ ነው የተቀረጸችው። ሁለት መቶ ታትማ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ከባሕር ማዶ ሰዎች ይጽፉለታል፤ አባቴ መልሶ ምን ይላቸዋል መሰለሽ? ‹መስማት ከፈለጋችሁ ኑ፤ ወንበር አለኝ።›»

«ዛሬ ማን ሊመጣ ነበር?»

«ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደውሎልኝ ነበር። ‹እንግዳ አለብኝ፣ ቆይቼ እደውላለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።» እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። «ከታች ያሉት ጎረቤት ደግሞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምተዋል።»

ኢንስፔክተሯ ከማጫወቻው ሥር ያገኘችውን ደብተር ገለጠች። ባለ ሸክላው የሚያዳምጡትን ሁሉ በቀን በቀኑ ይመዘግባሉ። የመጨረሻው ጽሑፍ የእሁድ ነው፦ «ሴት ናት። እርግጠኛ ነኝ። መጀመሪያ ለእሱ ልንገረው።» «ሴት ናት» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ልጅቷ አነበበችና ቀላች። «እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው» አለች። «ሰው ይዞ ከሆነ ቢነግረኝ እኮ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሳጅኑ «ባል ያላት ሴት ከሆነችስ?» ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ። ኢንስፔክተሯ ሴትየዋን እንዲፈልግ አዘዘችው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጌ ዕቃ ሻጩ ሄዱ። ሸክላዋን እንዲሸጡለት ባለ ሸክላውን ለዘጠኝ ዓመት ሲወተውት የኖረ ሰው ነው፤ ባለፈው ቅዳሜም በሰው ፊት ተጨቃጭቀው ነበር። ሱቁ ውስጥ ጉንጩ አብጦ፣ ጥጥ ነክሶ ተቀምጧል። ሁለቱ ሲገቡ ብድግ ብሎ ለሳጅኑ እጁን ዘረጋ።

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን ደህና መጡ።»

«ኢንስፔክተሯ እሳቸው ናቸው» አለ ሳጅኑ።

ሻጩ ይቅርታ እየጠየቀ የጥርስ ሐኪሙን ወረቀት አወጣ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት መንጋጋ ጥርሱን ሲያስነቅል ነበር። ነርሷም በስልክ አረጋገጠች፤ ጩኸቱን እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሰምተውታል።

«ሸክላዋ ተሰረቀች ማለት ነው?» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጥርሱ ይሁን ሌላ ነገር ለማወቅ ያስቸግራል። «ሽፋኗስ?»

«ሽፋኗ ቀርታለች።»

ጥጡን ከአፉ አወጣው። «እንግዲያው የሰረቃት ሰብሳቢ አይደለም። ሰብሳቢ ሽፋን ትቶ አይሄድም። ልብሷን ገፍፎ ሙሽራ እንደመውሰድ እኮ ነው።»

«ሌላም ነገር ልጠይቅህ። የማጫወቻው የፍጥነት ማዞሪያ ሠላሳ ሦስት የሚል ቁጥር ላይ ነበር።»

«ሊሆን አይችልም። ትንሿ ሸክላ የምትዞረው በአርባ አምስት ነው። በሠላሳ ሦስት ከዞረች ትንቀራፈፋለች፤ ዘፋኙ የሚያንቀላፋ ይመስላል። ባለ ሸክላው ደግሞ እንዲህ ያለውን ስህተት ቢሞትም አይሠራትም።»

«በስህተት ካልሆነስ?»

ሻጩ አሰበ። «በፍጥነት የሚያልፍ ነገር ለመስማት ይሆናል» አለ። «ቃል ለመለየት።»

ከዚያ ወጥተው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሄዱ። የፊታችን ቅዳሜ የከተማው የድሮ ሙዚቃ ኤግዚቢሽን ይከፈታል፤ አዘጋጁ ጋሽ ድራም ናቸው። መሃል ላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ከዚያ ጋራዥ መጋዘን የተገኘው ጥንታዊው ድራም ቆሟል። ከኋላው ያ የሽፋኑ ፎቶ በግድግዳው ልክ ተሰቅሏል።

ጋሽ ድራም ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የማይለያቸው አዛውንት ናቸው። የወዳጃቸውን የባለ ሸክላውን ነገር ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንደ ወንድሜ ነው» አሉ። «ሁላችንም ከሞትን በኋላ ያቺን ሸክላ የሚጠብቃት እሱ ነው እያልኩ እመካ ነበር። ሦስቱ ጓደኞቼ አልፈዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።» ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። «ይህች ከተማ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ከልቧ ጮኻለች። ያን ጊዜ እዚያ ነበርኩ። አርባ ዓመት ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው እሱን ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ። ጥበቃውን ጠይቂው።»

የአዳራሹ ጥበቃ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። ለመመስከር አላመነታም። «ሦስት ሰዓት ገቡ፣ በዚህ በር አልወጡም። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ድራሙን ጀመሩት። እስከ አራት ተኩል ድረስ አልቆመም። እኔ የማደንቀው ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን እግሬ ብቻውን ሲረግጥ አገኘሁት። ‹ዛሬስ ተነሥቶብዎት ነበር› አልኳቸው፣ ለምሳ ሲወጡ።»

«ምን መለሱልህ?»

«ምንም። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያን ያህል ሲመቱ ቢደክማቸው ምን ይገርማል?»

ሳጅኑ መንገድ ላይ «አስተማሪዬ ከደሙ ንጹሕ ናቸው» አለ፤ እፎይታውን ሊደብቅ አልሞከረም። ኢንስፔክተሯ ግን አስራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያልገባትን ነገር ገብቶኛል ብላ አለማለፏ ነው።

በማግስቱ ሳጅኑ እየሳቀ መጣ። «ሴትየዋን አገኘኋት። ባለ ሸክላው ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ እሷ ዘንድ ሄደዋል። የጆሮ ሐኪም ናት።»

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ባለ ሸክላውን ስታስታውስ ፊቷ ፈካ።

«ሁለተኛ እንደሳቸው ያለ ታካሚ አላጋጠመኝም» አለች። «ሰው እዚህ የሚመጣው ስለማይሰማ ነው፤ እሳቸው የሰሙትን ማመን አቅቷቸው መጡ። ‹ምታው› እና ‹ምቺው› የሚሉትን ቃላት ጆሮዬ ይለይ እንደሆነ ፈትሺልኝ አሉኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሃያ ጊዜ እያቀያየርኩ አልኩላቸው። ሃያውንም ለዩ።»

«ለምን እንደሆነ ነገሩሽ?»

«የሸክላዋ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል፣ ጊታር የሚጫወተው ልጅ ወደ ኋላ ዞሮ አንድ ቃል ይጮሃል አሉ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሁሉም ‹ምታው› ብለው የሰሙት ቃል ነው። ጆሮዎ ጤነኛ ነው ስላቸው ‹እንግዲያው ብዙ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለበት› ብለው ሄዱ።»

መኪናው ውስጥ ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«‹ምታው› ለወንድ ነው» አለች በቀስታ። «‹ምቺው› ለሴት። ‹ሴት ናት› ብለው የጻፉት ስለ ውሽማ አይደለም። ድራሙን ስለመታችው ሰው ነው።»

ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ፎቶው ላይ ያሉት እኮ ጋሽ ድራም ናቸው።»

«ፎቶው ላይ። ሌባው ደግሞ ፎቶውን ትቶ ድምፁን ወሰደ። ፎቶው ቢቀር፣ ድምፁ ቢጠፋ የሚጠቀመው ማን ነው?»

«ጥበቃው ድራም ሲመቱ ሰምቷቸዋል።»

«ድራም ሰምቷል። ሲመቱ አላያቸውም።»

ተመልሰው ጥበቃውን በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ጠየቁት። «ማንም» አለ። ቆየት ብሎ ግንባሩን አከከ። «እንደው አንዲት እናት ነበሩ። ድራሙን ልየው አሉኝ፤ ገና አልተከፈተም ብላቸው አይሆንም አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያደርጋሉ ብዬ አስገባኋቸው። ቀሚሳቸው ላይ የወንበር ስፖንጅ ብናኝ ነበር። ሰው ስትሉኝ እሳቸው ትዝ አላሉኝም።»

ከአዳራሹ ጀርባ ዕቃ የሚወርድበት በር ነበር። መቀርቀሪያው ከውስጥ ይከፈታል። ከዚያ እስከ ባለ ሸክላው ቤት ሳጅኑ በሰዓት ይዞ ሄደ፤ ስምንት ደቂቃ ፈጀበት።

የአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ሦስት ሱቆች አሉ። ጥበቃው ያላቸውን እናት፣ እማማን፣ ያገኟቸው ሁለተኛው ውስጥ ነው፤ የጭነት መኪና ወንበር ላይ ቆዳ ወጥረው በትልቁ መርፌ ይሰፋሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ክንዳቸው ግን የአርባ ዓመት ሰው ክንድ ነው።

ኢንስፔክተሯ የመጣችበትን ስትነግራቸው መርፌውን ሰክተው ቁጭ አሉ።

«ጋራዡ የአባቴ ነበር» አሉ። «ልጆቹ እሁድ እሁድ እየመጡ ይለማመዱ ነበር። ድራም የሚመታላቸው ስላልነበረ እኔ በርሜል ላይ ጀመርኩላቸው፤ ኋላ ድራሙን አመጡ። አባቴ በሩን እስከዘጋን ድረስ ዝም አለን። ሸክላዋንም የቀረጽናት እዚያው፣ የመኪና መጠገኛው ጉድጓድ ላይ ሳንቃ ረብርበን ነው። ፎቶ አንሺ ሲመጣ ግን አባቴ ‹የልጄ መልክ ገበያ አይወጣም› አለ። የኛ ነገር የማያመልጠው፣ እሁድ እሁድ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማን አንድ ልጅ ነበር። ለፎቶው ብሎ እሱ ተቀመጠ። በሳምንቱ እኔን አክስቴ ዘንድ ላኩኝ፤ ሸክላዋ ስትታተምም አልነበርኩም። ወደዚህ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም።»

«ተቃውመው አያውቁም?»

«ለማን ብዬ? ማንስ ሊያምነኝ?» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ድራሙ ለሕዝብ ሊታይ ነው ሲሉ ሰማሁና ልሰናበተው ሄድኩ። አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንበሩ ዝቅ ብሏል፤ አስተካከልኩት። ከዚያ እጄን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ስጨርስ አልቦኝ ነበር። ማንም ሳያየኝ ወጣሁ።»

ኢንስፔክተሯ የምስክርነት ቅጹን አወጣች። «ሥራዎን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ወንበር ሰፊ» አሉ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ግን እጇን ያዙት። «ቆይ። ድራም መቺ በይ። ወንበሩን ከሱ ቀጥለሽ ጻፊው።»

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ድራም አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። የኖታ ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ድራሙ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ማክሰኞ ጠዋት በጀርባው በር ወጥተው ባለ ሸክላው ቤት ሄደው ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ደውለው የጠሩዎት ራሳቸው ናቸው። ለሌላ ሰው ከመናገራቸው በፊት እርስዎ ቀድመው እንዲናገሩት ነው የፈለጉት።»

ጋሽ ድራም ቦርሳቸውን አጥብቀው አቀፉ።

«እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ባልነበሩበት ሰዓት ድራሙን የመቱትን ሴትዮ ትናንት አግኝቻቸዋለሁ።»

ያን ሲሰሙ ትከሻቸው ወረደ። «ደህና ናት?» አሉ። «ጥበቃው ‹ዛሬስ ተነሥቶብዎት ነበር› ሲለኝ ማን እንደመታው ገባኝ። እንደዚያ የምትመታ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ሙታ ነበር የመሰለኝ።»

«ቤቱ ውስጥ ምን ተፈጠረ?»

«በቀስታ አጫወተልኝ። ‹ምቺው› ይላል፤ ጥርት ብሎ። ‹ቅዳሜ ራስህ ንገራቸው፣ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝ። በቁጣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ሸክላዋን አነሳሁ፣ እጄን ያዘኝ፣ ገፈተርኩት። ደሙን አየሁና ሸሸሁ። ሐኪም እንኳ አልጠራሁለትም። እሱን ለራሴ ይቅር አልለውም።»

«ሸክላዋስ?»

ቦርሳቸውን ከፈቱ። በሻርፕ ተጠቅልላ፣ ጭረት ሳይነካት፣ መሃል ነበረች።

«ሁለት ቀን ልሰብራት ሞከርኩ» አሉ። «ስትቀረጽ በሩ ሥር ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ከሁሉም ሰው በፊት የሰማኋት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ልስበራት?»

ኢንስፔክተሯ ሸክላዋን ተቀብላ ለአፍታ አየቻቸው። «የመጀመሪያው አድማጭ መሆን ራሱ ክብር ነበር» አለቻቸው። «እሱ ለምን እንዳልበቃዎት ነው ያልገባኝ።»

ጋሽ ድራም ቃላቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ቀጥ ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት፣ ምንም ሳይደብቁ። መጨረሻ ላይ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ድራም መቺው አለመሆኑን፣ የድራም መቺዋንም ሙሉ ስም ከነአባቷ አሰፈሩ። ሳጅኑ ይዟቸው ሲወጣ በካቴና አልያዛቸውም፤ ክንዳቸውን ደግፎ ወሰዳቸው።

ኤግዚቢሽኑ በሁለት ሳምንት ተገፋ። ባለ ሸክላው ጭንቅላታቸው እንደታሸገ ከሆስፒታል ወጡ። የማክሰኞዋ ጠዋት ከአእምሯቸው ጠፍታለች፤ ስለ ወዳጃቸው ሲነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ፤ ከዚያ ሸክላዋ መገኘቷን ብቻ ጠየቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የባለ ሸክላው ክፍል ውስጥ አራት ሰው ነበር። ልጃቸው ወንበር አቀረበች። ኢንስፔክተሯ በሩ ጋ ቆመች፤ ለሥራ አልነበረም የመጣችው። እማማ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ እያዩ ገቡ። ባለ ሸክላው እንደ ሙሽራ ቤት አስተናጋጅ ግራ ተጋብተው፣ ሦስት ጊዜ «ይቀመጡ» አሏቸው።

«እውነት ሸክላዋን ሰምተዋት አያውቁም?»

«አላውቅም።»

ባለ ሸክላው ሸክላዋን በሁለት መዳፋቸው ይዘው፣ ጠርዟን ብቻ እየነኩ አስቀመጧት። መርፌው ወረደ። ጫጫታ፣ የአንድ ሰው ሳቅ፣ ከዚያ ያ ቃል። ወዲያው ድራሙ ክፍሉን ሞላው፤ ጊታሩ ከኋላ እየሮጠ ደረሰበት።

እማማ አልተነቃነቁም። መሃሉ ላይ ሲደርስ ጣታቸውን አነሱ። «እዚህ ጋ ቸኩያለሁ።»

«አዎ» አሉ ባለ ሸክላው። «ሦስቱም ተከትለውዎት ቸኮሉ። ዘፈኑ ክንፍ የሚያወጣው እዚያ ጋ ነው። ከአራት ሺህ ሸክላ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ያላት ሌላ የለችኝም።»

ዘፈኑ አለቀ። እማማ አንድ ጊዜ ተነፈሱና ወገባቸውን አቅንተው ተቀመጡ። «ድገሙልኝ» አሉ፤ «ድምፁንም ከፍ አድርጉት።»

ልጅቷ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች።

«ተይው የኔ ልጅ» አሏት። «ክፍት ይሁን። ይስሙት።»